ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ማነው?

አገር ቤት ሳለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ መዝገብ ቤትን ያውቀዋል። ደብዳቤው ሲገባ በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍለታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያም ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ መልካም ነው። ጣጣው የሚመጣው ባለጉዳዩ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ «የእኔ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ፋይሉ በስም ይሁን በቁጥር፣ በወረዳ ይሁን በዓመተ ምሕረት ተለይቶ መቀመጡን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እኒያ ሰው ለዓመት ፈቃድ ወጥተው ከሆነ ፋይሉ ቢኖርም የለም።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢያን ላቀርብ ያሰብኩት ፈረንጆች ዳታቤዝ የሚሉትን፣ በእኛም ቋንቋ የመረጃ ቋት የተባለውን ነገር አመጣጥ ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በማታ ትምህርት ይህንኑ ተምረው ከጋራዥና ከሆቴል ሥራ ወደ ቢሮ ተሻግረውበታል። የቀረነውም ብንሆን ስማችንና የትውልድ ቀናችን ስፍር ቁጥር በሌለው ቋት ውስጥ ተቀምጧል። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ታሪክ እኒያን የመዝገብ ቤት ሰው ከመካከል ለማውጣት የተደረገ ረጅም ጥረት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በሕዝብ ቆጠራ ነው። የምክር ቤት መቀመጫ የሚደለደለው በሕዝብ ብዛት ስለሆነ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በየ10 ዓመቱ እንዲቆጠር ያዛል። በ1880 የተቆጠረው ሕዝብ መረጃ በእጅ ተለቅሞና ተደምሮ እስኪያልቅ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። መጤው በየመርከቡ እየጎረፈ ቁጥሩ ሲጨምር፣ የአንዱ ቆጠራ ሂሳብ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል ተብሎ ተፈራ። በዚያው በቆጠራው ሥራ ተቀጥሮ የነበረ ኸርማን ሆለሪት የሚባል፣ ወላጆቹ ከጀርመን የፈለሱ ወጣት መሐንዲስ ለዚህ መላ አገኘ። ሐሳቡ የመጣለት በባቡር ሲሄድ ካየው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ በሌላው ቲኬት እንዳይጓዝ፣ ቲኬት ቆራጩ የመንገደኛውን የፀጉርና የዓይን ቀለም፣ የአፍንጫውንም ትልቅነት ሳይቀር ቲኬቱን በመብሳት ያመለክት ነበር።

ሆለሪትም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ መደበ። ወንድ ከሆነ እዚህ፣ ሴት ከሆነች እዚያ፣ ባለትዳር ከሆነ በዚህ በኩል፣ ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ በዚያ በኩል ካርዱ ይበሳል። ካርዱ ከመሣሪያው ላይ ሲደረግ ቀጫጭን ዘንጎች ይወርዱበታል። ቀዳዳ ያገኘው ዘንግ አልፎ ከሥሩ ያለውን ሜርኩሪ ሲነካ ኤሌክትሪኩ ይገናኝና ቆጣሪው በአንድ ወደፊት ይላል። በ1890 ከ62 ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብ ጠቅላላ ድምር በዚያው ዓመት ታወቀ። ሆለሪት በ1896 ያቋቋመው ኩባንያ በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ፣ በ1924 ስሙ ተለውጦ ዛሬ አይ.ቢ.ኤም. የምንለው ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና። ካርዱ የሚናገረው ቀድሞ ቀዳዳ የተዘጋጀለትን ነገር ብቻ ነው። ቀዳዳ ያልታሰበለት ነገር ቢኖርም አይቆጠርም።

ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ መረጃው ከካርድ ወደ ማግኔት ቴፕ ተዛወረ። የቴፕን ችግር በካሴት ዘመን ያደግን ሰዎች ማስረዳት አያስፈልገንም። የምንወደው ዘፈን ከመካከል ከሆነ ማጠንጠን ነው እንጂ ዘሎ መድረስ የለም። የወር ደመወዝ ለመሥራት ይህ አይከፋም፤ ከመጀመሪያው ሠራተኛ እስከ መጨረሻው ተራ በተራ መሄድ ነውና። የአንድን ሰው ሂሳብ አሁኑኑ ለማየት ግን አይመችም። መፍትሔው የመጣው በ1956 ነው። አይ.ቢ.ኤም. ራማክ በተባለው ማሽኑ የመጀመሪያውን ዲስክ ለገበያ አቀረበ። 50 ትልልቅ ሰሃን የሚያካክሉ ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው የሚሽከረከሩበት፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ዕቃ ሲሆን፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶግራፍ ይህንኑ ያህል ቦታ ይወስዳል። ይሁን እንጂ የሚያነበው ክንድ ወደፈለገው ቦታ ዘሎ መድረስ ቻለ፤ ቁም ነገሩም ይኸው ነው።

ከዚህ ዕድል መጀመሪያ ከተጠቀሙት አንዱ አየር መንገድ ነው። በ1953 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝና ብሌየር ስሚዝ የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. ሻጭ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ በሚበር አውሮፕላን ተገናኙ። በስም መመሳሰላቸው ጨዋታ አስጀመራቸው። ከዚያ ጨዋታ ሴበር የተባለው የቦታ ማስያዣ ሥርዓት ተፀነሰ፤ በ1964 በመላው የኩባንያው ቢሮዎች ሥራ ላይ ዋለ። ቀድሞ መቀመጫ የሚያዘው በካርድና በስልክ ስለነበረ አንዱ ጸሐፊ የሸጠውን መቀመጫ ሌላው መልሶ ይሸጠው ነበር። ታክሲ የሚነዳ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። አንድ መንገደኛ ለሁለት ሾፌር ተሰጥቶ ሁለታችንም ከበሩ ላይ ስንፋጠጥ ያየነው ነገር ነው።

ብዙ ሰው አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ሲነካው እንዴት አይበላሽም? ይህን ጥያቄ ከመለሱት ዋነኛው ጂም ግሬይ ነው። መልሱም ወይ ሁሉም ይሆናል፣ ወይ ምንም አይሆንም የሚል ነው። ለቤተሰብ ገንዘብ ስንልክ ከእኛ ሂሳብ መቀነስና ከዚያኛው ሂሳብ መደመር ሁለት ሥራ ናቸው። ከሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ ከእኛ ወጥቶ እናታችን ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ግሬይና ባልደረቦቹ ሁለቱ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ፣ መካከል ላይ ከተቋረጠ የመጀመሪያውም እንዲሰረዝ የሚያደርገውን ስልት በ1970ዎቹ አበጁ። ስሙም ትራንዛክሽን ነው። ግሬይ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ትልቁ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት በ1998 ተሸለመ። በጃንዋሪ 2007 የእናቱን አመድ በባሕር ላይ ሊበትን ብቻውን በጀልባ ከሳን ፍራንሲስኮ ወጥቶ ቀረ። ወዳጆቹ የሳተላይት ፎቶግራፍ አስነስተው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባሕሩን በየቤቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ቢፈልግም አልተገኘም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ዲስክ መምጣቱ ብቻውን ዳታቤዝ አላመጣም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ፋይል ይዞ ይኖር ነበር፤ የደመወዙ ለብቻ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ለብቻ። የአንድ ሠራተኛ አድራሻ በአምስት ቦታ ተጽፎ በአንዱ ሲታረም በአራቱ ይረሳል። ይህ ከዕድራችን መዝገብ የተለየ አይደለም። ጸሐፊው አንድ ደብተር አላቸው፤ ገንዘብ ያዡ ሌላ ደብተር አላቸው፤ ለቅሶ ሲደርስ ስልክ የሚደውሉት እመቤት ደግሞ በራሳቸው ወረቀት የጻፉት ዝርዝር አላቸው። አባሉ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ቢለውጥ ጸሐፊው ያውቃሉ፣ ሌሎቹ አያውቁም። በኀዘን ቀን እንጀራና ወጥ ተሸክሞ የድሮ ቤት በር የሚያንኳኳው ሕዝብ የዚህ ውጤት ነው።

ስለዚህ መረጃው ከየፕሮግራሙ እጅ ወጥቶ በአንድ ቋት ይቀመጥ፤ ፕሮግራሞቹ በአንድ ዘበኛ በኩል እየጠየቁ ይውሰዱ የሚል ሐሳብ መጣ። ዳታቤዝ ማለት ቋቱ ሲሆን፣ ዘበኛው ደግሞ የዳታቤዝ አስተዳደር ሥርዓት ይባላል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ባክማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በእሱ አሠራር አንዱ መዝገብ ቀጣዩ የት እንዳለ በጣቱ ያመለክታል፤ ያኛውም ሌላውን፤ እንዲህ እያለ ሰንሰለት ይሆናል።

አይ.ቢ.ኤም. ደግሞ በጨረቃ ጉዞው ምክንያት ወደ ሌላ መንገድ ገባ። ሳተርን 5 የተባለው ሮኬትና አፖሎ መንኮራኩር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዕቃዎች ስለነበሯቸው፣ የትኛው ብሎን ለየትኛው ክፍል፣ ያ ክፍል ደግሞ ለየትኛው ትልቅ ክፍል እንደሆነ የሚይዝ ሥርዓት አስፈለገ። ከዚህ የተወለደው አይ.ኤም.ኤስ. በኦገስት 1968 በካሊፎርኒያ ሥራ ጀመረ፤ በዓመቱ ሰው ጨረቃን ረገጠ። አይ.ኤም.ኤስ. ዛሬም በትልልቅ ባንኮች ጓዳ ውስጥ እየሠራ ይገኛል። አሠራሩ እንደ ዛፍ ነው፤ ከላይ ወላጅ፣ ከታች ልጆች። ይሁን እንጂ በዚህ ዛፍ ላይ አንድ ልጅ በመሠረቱ አንድ ወላጅ ብቻ ነው ያለው። በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ለምንቆጥር ሰዎች የጎደለው ወዲያው ይታየናል። አንዱ ብሎን ለሁለት ክፍል ሲያገለግል ከማን ሥር ይጻፍ?

የባክማንም የአይ.ቢ.ኤም.ም መንገድ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ባክማን በ1973 የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር የፕሮግራም ጸሐፊውን ከመርከብ መሪ ጋር አመሳስሎታል፤ በመረጃ ባሕር ላይ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው የሚቀዝፍ መሪ። ምሳሌው ውብ ነው። ግን ልብ ብሎ ላስተዋለው ያ መሪ ማለት እኒያው የመዝገብ ቤት ሰው ናቸው። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ የፋይሉ አቀማመጥ ሲለወጥ ፕሮግራሙ ሁሉ እንደገና መጻፍ አለበት። ከላይ ያሉት ኃላፊ አዲስ ጥያቄ ቢያመጡ መልሱ የሚገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ይህን ያፈረሰው ኤድጋር ኮድ ነው። ስሙ በየዕለቱ ኮድ ከምንለው ቃል ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም። በ1923 በደቡብ እንግሊዝ ተወለደ፤ በኦክስፎርድ ሒሳብ ተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላን አበረረ። በ1948 ወደ አሜሪካ ተሰዶ አይ.ቢ.ኤም. ገባ። ሴናተር ማካርቲ ሰውን ሁሉ ኮሙኒስት ነህ እያለ በሚያሳድድበት በ1953 ተቆጥቶ ወደ ካናዳ ሄደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተመለሰ። ዶክትሬቱን ያገኘው በ1965 ነው፤ ዕድሜው ከአርባ በላይ ሆኖ ማለት ነው። ይህን መጻፌ ዕድሜያችን አለፈ ለሚሉ ወዳጆቼ ነው።

በጁን 1970 ያወጣው አጭር ጽሑፍ የሚለው በቀላል አማርኛ ይህ ነው፤ መረጃ ፈላጊው ሰው መረጃው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ የለበትም። መረጃው ሁሉ በሠንጠረዥ ይቅረብለት፤ እሱ የሚፈልገውን ይናገር፤ መንገዱን ማሽኑ ይፈልግ። አስተማሪ ሳለሁ በየመንፈቁ የምንሞላው ሮስተር ሠንጠረዥ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው ረድፍ ተማሪው ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ የትምህርቱ ዓይነት ነው። ኮድ ይህንኑ ወስዶ በሒሳብ ሕግ አሠረው።

በዕድራችን እንየው። አንደኛው ሠንጠረዥ የአባላት ይሁን፤ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ ከተማ፣ ስልክ። ሁለተኛው የመዋጮ፤ የአባል ቁጥር፣ ወር፣ ገንዘብ። በመዋጮው ሠንጠረዥ ላይ የአባሉ ስልክ አይጻፍም፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል። ስልኩ ሲለወጥ የሚታረመው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። አሁን ሊቀ መንበሩ «በሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩት ውስጥ የመጋቢትን ያልከፈለ ማነው?» ቢሉ ሥርዓቱ ሁለቱን ሠንጠረዦች በአባል ቁጥር አገናኝቶ ይመልሳል። ይህን ጥያቄ ትናንት ማንም አላሰበውም፤ ሠንጠረዡም ለዚህ ጥያቄ ተብሎ አልተሠራም። ታላቁ ነገር ይኸው ነው።

ኩባንያው ግን በገዛ ሰው ሐሳብ አልተደሰተም። አይ.ኤም.ኤስ. ገንዘብ እያስገባለት ነበርና የራሱን ገበያ የሚያበላሽ ነገር አላስቸኮለውም። በ1974 የኮድና የባክማን ወገኖች በአንድ ጉባኤ ላይ ፊት ለፊት ተከራከሩ። የተቃዋሚዎቹ ዋና ነጥብ ማሽን የራሱን መንገድ ፈልጎ ካገኘማ እጅግ ይዘገያል የሚል ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። በዚያው ዓመት ገደማ በአይ.ቢ.ኤም. የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ሲስተም አር የተባለ ሙከራ ተጀመረ። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ሲኩዌል ወይም ኤስ.ኪው.ኤል. የሚባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ ያወጡት እዚያ ነው። ቦይስ በዚያው በ1974 ገና በወጣትነቱ በድንገት ሞተ። የፍጥነቱን ጥያቄ ከመለሱት መካከል ፓትሪሺያ ሴሊንገር ትጠቀሳለች። እሷና ባልደረቦቿ በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማሽኑ ለአንድ ጥያቄ የሚሆኑትን መንገዶች አስልቶ ዋጋው ያነሰውን የሚመርጥበትን ዘዴ አሳዩ። እኒያ የመዝገብ ቤት ሰው በዚህ ዓመት ጡረታ ወጡ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ጥቅሙን ግን ሌላ ሰው ቀደመው። የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪዎች ሐሳባቸውን በየመጽሔቱ ያሳትሙ ስለነበር ላሪ ኤሊሰንና ጓደኞቹ አንብበው በ1977 ትንሽ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1979 ኦራክል ብለው ሸጡት። አይ.ቢ.ኤም. የራሱን ይዞ ብቅ ያለው በ1981 ነው። በዚያው ዓመት ኮድ የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2003 በፍሎሪዳ አረፈ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ የጀመሩት ኢንግረስ ደግሞ ዘሩ ፖስትግረስ ሆኖ ዛሬ በነጻ ይታደላል።

አሁን ወደ ካርዱ ቀዳዳ ልመለስ። ኮድ እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ቁልፍ ይኑረው ብሏል። ስም ቁልፍ አይሆንም። በአንድ ክፍል ሁለት አበበ ከበደ ሲኖሩኝ የአያት ስም እጨምር ነበር፤ ዳታቤዝ ግን ቁጥር ይሰጣል። እዚህ አገር ያ ቁጥር የሶሻል ሴኩሪቲው ነው። በ1936 መታደል ሲጀምር ለጡረታ ሂሳብ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም መሥሪያ ቤት ቁልፍ ስላጣ እሱኑ ወሰደው።

ሠንጠረዡን የሠራው ሰው «የቤተሰብ ስም» የሚል ዓምድ ሲያበጅ የገዛ ወገኑን አስቦ ነው። የእኛን ቤት እንውሰድ፤ ባል ከበደ ዓለሙ፣ ሚስት አልማዝ ተሰማ፣ ልጅ ዳዊት ከበደ። ሠንጠረዡ ሦስት የቤተሰብ ስም ያነብና ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ያደርጋቸዋል። በፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ደግሞ በአሜሪካ ቪዛ ላይ «የመጀመሪያ ስሙ ያልታወቀ» ለማለት ኤፍ.ኤን.ዩ. የሚሉ ሦስት ፊደላት ይጻፉለታል። ከዚያ በኋላ ባንኩም ክሊኒኩም እነዚያን ፊደላት ስም መስሏቸው ሲጠሩበት ይኖራል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ኮድ «አይታወቅም» ማለት ከዜሮም ከባዶ ቦታም የተለየ መሆኑን ተረድቶ በሥርዓቱ ውስጥ ስፍራ ሰጥቶታል። ብዙ ሠንጠረዥ ሠሪ ግን ይህ ዓምድ ካልተሞላ አልቀበልም እንዲል ያዘዋል። ስለዚህ ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ሲመጣ ጸሐፊው ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላል። ከመካከላችን ልደታቸው ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰዎች መብዛታቸው ከዚህ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሰው ደግሞ ቀኑን ሳይለውጥ እንዳለ ቢጽፈው 13ኛ ወር የሚባል ነገር ማሽኑ አያውቅም። የ2000 ዓመተ ምሕረት የኮምፒዩተር ሽብርም ከዚሁ የዘር ሐረግ ነው። በካርዱ 80 ዓምድ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ዓመቱ በሁለት አኃዝ ይጻፍ ነበርና። በእኛ ቀን አቆጣጠር ያ ሌሊት ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር፤ በኢትዮጵያ ካሌንደር የሚሠራ መዝገብ ገና ስምንት ዓመት ገደማ ጊዜ ነበረው።

በፊደላችን በኩል ያለው ጣጣ ደግሞ የራሳችን ነው። በ1999 ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል እስኪያካትት ድረስ አንዱ በሠራው የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈ ስም በሌላው ሲከፈት ዝባዝንኬ ነበር። ያ ካለፈ በኋላም ጸሐፊው ፀሐይ ብሎ የመዘገባትን ሴት ገንዘብ ያዡ ጸሀይ ብሎ ቢፈልጋት ማሽኑ የለችም ይላል። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለእሱ ሌላ ፊደል ነው። በላቲን ስንጽፈው ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዲት ፀሐይ በመንጃ ፈቃዷ አንድ ዓይነት፣ በሥራ ፈቃዷ ሌላ ዓይነት ሆና ሁለት ሰው ትሆናለች። ሁለቱ ቋቶች ሲመሳከሩ ወረቀቷ ወራት ይዘገያል። አንዱን አጻጻፍ መርጦ በየቅጹ ያንኑ መድገም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችን ደብተራቸውን ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ሲነሡ መጀመሪያ የሚያስቡት የትኛውን ፕሮግራም እንግዛ የሚለውን ነው። በእኔ በኩል መቅደም ያለበት በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራው ነው እላለሁ፤ ለእያንዳንዱ አባል የማይለወጥ ቁጥር መስጠት፣ የባልንና የሚስትን ስም በየአባታቸው ስም መጻፍና ዝምድናውን በሌላ ሠንጠረዥ ማሳየት፣ የማይታወቀውን ነገር አይታወቅም ብሎ መተው። ፕሮግራሙ ችግር አይደለም። ከ2000 ጀምሮ በነጻ የሚታደለው ኤስ.ኪው.ላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ በየእጅ ስልኩ ውስጥ አለ፤ የጸሐፊውም፣ የገንዘብ ያዡም፣ የደዋይዋም ስልክ ውስጥ አለ።